ኮከብ አልቆጥርም

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጎንበስ ብለን ጫማችንን ስናጠልቅ አንዱ፣ "እሺ ኮከብ ቆጣሪዋ፣ የሰሞኑ ኮከቤ ምን ይላል?" ይለኛል። ሌላው ካፖርቱን እየቆለፈ፣ "የእሱን ተዪው፣ የእኔን የመኖሪያ ፈቃድ እዪልኝ" ይላል። ይሳቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በስዊድንኛና በእንግሊዝኛ እየተጠነቀቀ ለሚውል ሰው በአማርኛ መቀለጃ መሆን ዕረፍት ነው። "ቆዩ፣ ኮምፒውተሬን ላስነሣ" እያልኩ እመልስላቸው ነበር። ያው ቀልድ ክስ ሆኖ ቅዳሜዬን ሲወስድብኝ ግን የሳቀ አልነበረም።

ቅዳሜዬ ልጆቹ ናቸው። የምንጸልየው ከአንድ የስዊድን ደብር በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ዝቅ ዝቅ ያሉ ወንበሮች ያሉት ክፍል አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ልጆች አስተምራለሁ፤ ጸሎት፣ ፊደል፣ የቅዱሳን ታሪክ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እነሱ በስዊድንኛ ይመልሳሉ። ፍሮከን ይሉኛል፤ ትምህርት ቤታቸው ሴት አስተማሪን እንደሚጠሩት። የራሴ ልጅ የለኝም። የምኖረው ቀዩ የባቡር መስመር በሚያልቅበት በኖርስቦሪ፣ ከሌላ ተከራይ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ አገር "ኧረ አፍንጫህን ጥረግ፣ ኧረ እግርሽን ሰብስቢ" ብዬ የምቆጣቸው ሰዎች እነሱ ብቻ ናቸው። ሌላውን ሰው ሁሉ በትሕትና ነው የማናግረው።

ሥራዬ ሥነ ፈለክ ነው። ሰዉ ይህን ቃል አፉ ላይ ማዞር ይከብደዋል። "ስለ ኮከብ ታጠናለች" ይባልና ሁለተኛው ሰው ጋ ሲደርስ "ኮከብ ታያለች" ይሆናል፤ ሦስተኛው ጋ "ኮከብ ቆጣሪ" ሆኖ ያርፋል። እውነቱን ለመናገር ኮከብ እንኳ አላይም። የምንጠቀምባቸው ቴሌስኮፖች እግሬ ባልረገጠው በረሃ ላይ የተደረደሩ ትልልቅ ሳህኖች ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ከምድር ወጥቶ ጠፈር ላይ ነው ያለው። ወደ እኔ የሚመጣው ቁጥር ነው። የቢሮዬ መስኮት የሚያሳየኝ የብስክሌት ማቆሚያ ነው፤ የስቶክሆልም ሰማይ በብርዱ ወራት ደመና፣ በበጋው ደግሞ የማይጨልም ነጭ ሌሊት ነው።

የማጠናው በመወለድ ላይ ያሉ ኮከቦችን ነው። ኮከብ የሚወለደው በአቧራና በጋዝ ደመና ተጠቅልሎ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ዓይናችን የማያውቀው የሙቀት ብርሃን ግን አቧራውን ይሻገራል፤ የራዲዮ ሞገድ ከዚያም ጠልቆ ይገባል። በሁለቱ ስናይ ሕፃኑን ኮከብ በዙሪያው የሚዞረውን ጋዝ ሲውጥ እናገኘዋለን። የዋጠውን ሁሉ ግን አያስቀርም፤ ከፊሉን ከላይና ከታች በሁለት ቀጫጭን ጅረቶች ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ባለሙያዎቹ ጄት ይሉታል። ጄቱ የጋዙን ትርፍ ሽክርክሪት ይዞለት ባይወጣ ኮከቡ ማደግ አይችልም። ኢንፍራሬዱ፣ ጄቱ ከደመናው ተላትሞ የጋለበትን ሩቅ ቦታ ያሳየናል፤ ራዲዮው ከኮከቡ ሥር የሚነሣበትን ያሳየናል። ሁለቱን ማገናኘት ነው እንጀራዬ። ከዚህ ውስጥ ስብከት የሚያወጣልኝ ሰው ሲመጣ እናደዳለሁ። ኮከብ ነው፤ ምሳሌ አይደለም።

በነቢያት ጾም መግቢያ ላይ ልጆቹን ሥነ ፍጥረት አስተምር ነበር። ከእሑድ ተነሥተን ረቡዕ ደረስን፤ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የተፈጠሩበት ቀን። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አለች፤ ቁጭ ብሎ መስማት አይሆንላትም፣ ሁልጊዜ ተረከዟን ወንበሩ ላይ ሰቅላ ነው። በስዊድንኛ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ አለቁ?"

"ምኖቹ?" አልኳት በአማርኛ።

"ኮከቦቹ። ሠርቶ ጨረሰ ወይስ አሁንም እየሠራ ነው?"

በሙያ ስብሰባዎቻችን ላይ እንዲህ አጥርቶ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደስ ብሎኝ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና የምሠራበትን ኮከብ የኢንፍራሬድ ምስል አሳየኋቸው። ቀለሙን እኛ እንደቀባነው፣ ዓይን እንዲህ አድርጎ እንደማያየው አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ልጅ ማታለል አልወድም። ጥቁር ደመና መሐል ጭላንጭል አለ፤ ከጭላንጭሉ አንድ ቀይ ጭራ ይወጣል።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ጄት ይባላል።"

"ጄት? አውሮፕላን?" አንዱ እጆቹን ክንፍ አድርጎ ተነሣ። "ኮከቡ ጄት ይነዳል?"

"መንጃ ፈቃድ አለው?" አለች ያቺው ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የአማርኛ ቃል ፈለግሁ። ፍንጥቅ አልኩ፤ የገባው የለም። ትፋት አልኩ፤ ፊታቸውን አጨማድደው ተጸየፉ። ከዚያ፣ "ሕፃን ጡት ጠብቶ ሲጠግብ ያቀረሻል አይደል? ይሄም ሕፃን ኮከብ ነው፤ ያቀረሻል" አልኳቸው። ቅርሻትን ሁሉም ያውቁታል! በየቤታቸው ትንሽ እህት ወይም ወንድም አለ፤ ይህን ቃል ስዊድንኛው አላስረሳቸውም። ሕፃን ኮከብ፣ ሕፃን ኮከብ እያሉ ሳሉት፤ አንዱ አንገቱ ላይ የለሃጭ ጨርቅ አሠረለት። እግዚአብሔር ዛሬም ኮከብ እየፈጠረ ነው ብለን፣ አመስግነን፣ አባታችን ሆይ ደግመን ተለያየን። ከዚያ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። ይህን ስል ትዕቢት አይደለም፤ ልጆቹ ካፖርታቸውን ለብሰው እንኳ መውጣት እንቢ ብለው ነበር።

የዚያች ልጅ እናት የሰበካ ጉባኤ አባል ናት። ፋርስታ ትኖራለች፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ በሚረዱበት፣ ሄምትያንስት በሚሉት ሥራ የቡድን ኃላፊ ናት። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች ፊት ለፊት እትዬ፣ እርስዎ እላታለሁ። እዚህ ስጽፍ ግን "ናቸው" ለማለት እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር ይበለኝ፤ ይህን ያህል ተቆጥቻለሁ።

ልጅቱ ቤቷ ገብታ እናቷን ለማስደሰት ብላ በአማርኛ፣ "ፍሮከን የሕፃን ኮከብ አሳየችን፤ በኮምፒውተር" አለቻት።

አማርኛ የሚያነብ ሰው ነገሩ ገብቶታል። ሕፃን ኮከብ ማለት ገና የተወለደ ኮከብ ነው። የሕፃን ኮከብ ማለት ግን የአንድ ሕፃን ዕጣ ነው፤ ከስሙና ከእናቱ ስም ፊደል ተቆጥሮ፣ ይህ ልጅ ውሃ ነው፣ ያ እሳት ነው፣ ይህን አይብላ፣ ያችን አያግባ የሚባልበት፣ ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው ነገር። ልጅቱ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። "የ" የት እንደሚገባ አታውቅም፤ እንደ ጨው በሁሉም ላይ ትነሰንሰዋለች። የትልቅ ቤት ትላለች፤ የቀይ ባቡር ትላለች። እሷ ምንም ጥፋት የለባትም። እናትየው ግን ልጇ እንዴት እንደምታወራ ታውቃለች፤ በየቀኑ የምታርማት እሷ ናት! ያም ሆኖ ስልኳን አንሥታ ለእናቶቹ ሁሉ በአንድ መልእክት፣ የሰንበት አስተማሪዋ የልጆቻችንን ኮከብ በኮምፒውተር እያየች ነው ብላ ጻፈች። እኔን ለመጠየቅ አንዲት የስልክ ጥሪ ትበቃት ነበር። ቁጥሬ አላት፤ ለልደት ኬክ ማን እንደሚያመጣ ስትጠይቀኝ ትደውል የለም?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ የክፍሉ በር ተዘግቷል። በመስታወቱ በኩል በእኔ ቦታ አንድ ዲያቆን ቆሞ አየሁ። እሷ በር ላይ ናት።

"እስኪጣራ ድረስ ነው እህቴ፤ አትቀየሚ።"

"ምኑ ነው የሚጣራው እትዬ?"

"ያው... የሕፃናቱን ኮከብ ታያለች ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"ተብሏል ነው የምልሽ።"

"እርስዎ ነዎት ያሉት። መልእክቱ እኔም ዘንድ ደርሷል።"

"እኔ የተባለውን ነው ያልኩት።"

"ሕፃን ኮከብ ነው ያስተማርኳቸው። አዲስ የተወለደ ኮከብ። የሕፃን አላልኩም።"

"ታዲያ ያው አይደል?"

"ያው አይደለም!"

"ኮከብ ኮከብ ነው እህቴ። ደግሞ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፤ ቤተ እግዚአብሔር ነው።"

ውስጥ ያሉት ልጆች አዩኝና፣ "ፍሮከን!" ብለው ተነሡ። ዲያቆኑ እንዲቀመጡ በእጁ አመለከታቸው። እሷ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆመች፤ እንዳላያቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ተብሏል" የሚለውን ቃል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለቤት የሌለው ግስ ነው፤ ብትከራከሪው የሚመልስልሽ የለም፣ ብትከሽው የሚቀርብ የለም። ስንቱ ሰው በዚህ አንድ ቃል ከደጅ ተመልሷል!

ሰኞ ቢሮ ስገባ ለወራት ስንጠብቀው የነበረው የራዲዮ መረጃ መጥቷል። በኢንፍራሬዱ ምስል ላይ ኮከባችን አንድ ጭራ ብቻ ነበር ያለው። ከባልደረቦቼ ገሚሱ፣ ይህ ኮከብ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚወረውረው ይሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላው አለ፣ ከወፍራሙ አቧራ ጀርባ ስለሆነ ነው እያልኩ ስከራከር ከርሜያለሁ። ቁጥሮቹን አጽድቼ፣ ምስሉን ሠርቼ ሳየው አለ። ቀጭን ነው፣ ደብዛዛ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ፊት ለፊት፣ ልክ በተቃራኒው አቅጣጫ ተዘርግቷል። ራዲዮው አቧራውን አልፎ አምጥቶልኛል። በሌላ ጊዜ ቢሆን አማትቤ እዘል ነበር። ያን ቀን መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው፣ ቅዳሜ አሳያቸዋለሁ የሚል ነበር። ቀጥሎ ቅዳሜ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። ማያ ገጹን አጥፍቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ለዚህም አልማራትም ብዬ አሰብኩ፤ ደስታዬን እንኳ ሳልጀምረው ነጠቀችኝ።

ቢሮ የምንጋራው አንድ ስዊድናዊ አለ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ጾም ላይ መሆኔን እያወቀ ቅቤ የሌለው ብስኩት ፈልጎ ያመጣልኛል። በፊካ ሰዓት፣ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ፣ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ። ነገርኩት። እስኪያለቅስ ሳቀ።

"አንቺ? ዕጣ ፈንታ ነጋሪ?"

"አያስቅም።"

"ይቅርታ፣ ይቅርታ።" ዓይኑን ጠራረገ። "ግን ለምን ትሄጃለሽ ታዲያ? ተያቸው። አንቺ እኮ ሳይንቲስት ነሽ።"

መጠጊያ የሰጠኝ መስሎታል። ቤቴ ውስጥ ስለተጣላሁ ከቤቴ እንድወጣ ነው የመከረኝ። ያቺ ሴት፣ ኮከብ ካጠናሽ ከእግዚአብሔር ወጥተሻል ትለኛለች፤ ይኼ ደግሞ ኮከብ ካጠናሽ ለምን አትወጪም ይለኛል። አንድ ቋንቋ የማይናገሩ ሁለት ሰዎች በእኔ ላይ ሲስማሙ ሳይ ስኒዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። እስከ ማታ አላናገርኩትም። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ እስካሁንም አልገባውም።

በዚያው ሳምንት እትዬ ደወለች።

"ፋርስታ ነዪ፤ ሻይ ልጋብዝሽ። ለብቻችን።"

ልትታረቀኝ ነው ብዬ ሄድኩ። ባቡር ውስጥ የምመልስላትን ሳሰላስል ነበር፤ "ኧረ ምንም አይደል እትዬ" ልበል ወይስ ትንሽ ላስጨንቃት? ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ካለ አንድ ሻይ ቤት፣ ጥጉ ላይ፣ ጀርባዋን ለመንገደኛው ሰጥታ ተቀምጣለች። የሥራ ጃኬቷን አላወለቀችም፤ የአረጋውያኑ ቤት ቁልፎች ወገቧ ላይ ይንጫጫሉ። የእናቴን ጤና ጠየቀችኝ፣ የእህቶቼን ጠየቀችኝ፣ የብርዱን ነገር አማረረች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ትልቁን ልጄን ታውቂዋለሽ አይደል? አዲስ አበባ ያጫትን ልጅ ሊያመጣት ነው። ወረቀቷ ተጀምሯል።"

"እንኳን ደስ ያለዎት።"

"ተይ፣ ገና ነው። ጨዋ ልጅ ናት ይላሉ፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ። እስቲ ኮከባቸውን እዪልኝ። ይገጥማል?"

አልገባኝም። በእውነት አልገባኝም። "ምናቸውን?" አልኳት።

"ኮከባቸውን ነዋ። የእሱን የክርስትና ስም እነግርሻለሁ። የእሷንም የእናቷንም ስም አስጠይቄ አስመጥቻለሁ።"

"እትዬ፣ ከሰሱኝ እኮ!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"በዚሁ ነገር ነው እኮ የከሰሱኝ!"

"ያ የልጆች ነው፤ ለልጅ አይሆንማ። ይሄ የትልቅ ሰው ጉዳይ ነው።"

"እኔ ኮከብ አልቆጥርም።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እንደዚያ ማለት አለብሽ።" በዓይኗ ጠቀሰችኝ። "የአገር ቤቶቹ ይሳሳታሉ። አንቺ ደግሞ በኮምፒውተር ነው። ዩኒቨርሲቲው ዝም ብሎ ያስቀምጥሻል?"

ዕውቀቴን አከበረችልኝ! ያከበረችው ግን ኖሮኝ የማያውቀውን ነው። "የእኔ ኮከብ ስም እንኳ የለውም እትዬ" አልኳት። "በቁጥር ነው የሚጠራው። የእርስዎን ልጅ ጋብቻ ከየት ያውቀዋል?"

"በቁጥር ነው አልሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ያንኑ ቁጠሪልኝ።"

ተነሣሁ። እጅጌዬን ያዘችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ጥቅሻ ጠፍቶ የአንዲት እናት ጭንቀት ብቻ ቀረ፤ ይህም አናደደኝ፤ ልጠላት ስል ልታሳዝነኝ ነው። "ይሄ በእኔና በአንቺ መሐል ነው" አለችኝ። እጅጌዬን አስለቅቄ ወጣሁ።

የንስሐ አባቴ ቄስ ናቸው፤ ለኑሮ አውቶቡስ ይነዳሉ። ኖርስቦሪ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲያርፉ አንዳንድ ጊዜ ገብቼ ከፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርግር እዚያ ይሻላል። መስቀል ተሳልሜ ገና ሳልቀመጥ ነገሩን ያውቁታል።

"ሰበካ ጉባኤው ተነጋግሯል ልጄ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተሽ፣ ባለማወቅ ባጠፋሁት ይቅር በሉኝ በይ። ክፍልሽን ይመልሱልሻል። ነገሩ ይበርዳል።"

"ምን አጠፋሁ አባቴ?"

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ለሰላም ብለሽ ነዋ።"

"ያልሠራሁትን ኃጢአት ብናዘዝ ምን ቀኖና ይሰጡኛል? ላልተሠራ ስንት ስግደት ነው?"

የቆመውን አውቶቡስ መሪ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ" አሉ፣ "ምላስሽ ከቄስ ይሟገታል።"

"እርስዎስ አበቅቴና መጥቅዕ ያወጡ የለም? ጨረቃን ቆጥረው አይደል ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ የሚነግሩን? ኮከብ ቆጣሪ ያለዎት ሰው አለ?"

"ያ ሌላ ነው።"

"ለሁሉም ያ ሌላ ነው!"

በእሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ጺማቸውን ዳሰሱ፤ አልተቆጡም። "ልጆቹ ይጠይቁሻል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ያቺ ልጅ በተለይ፣ ፍሮከን የት ሄደች እያለች እናቷን አስቸግራለች። አንዲት ቃል ብትዪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእነሱ ጋር ነሽ።"

እዚህ ላይ ነው የተፈተንኩት። የፋርስታው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ከሳሿ ራሷ ተከሳሽ ትሆናለች፤ እኔ ክፍሌን አገኛለሁ፣ እሷ ከሰበካ ጉባኤው ትወርዳለች። ሐሰት አልናገርም፤ የሆነውን ነው የምናገረው። ግን አምናኝ ነው የነገረችኝ። ምንም ዓይነት ሴት ብትሆን፣ የልጇን ጭንቀት አሸክማኛለች። እኔ ያን አውጥቼ ብዘራው በስልኳ ከዘራችው በምን ይለያል?

"ሌላ የምትነግሪኝ አለ?" አሉኝ።

"የለም አባቴ።"

ተሳፋሪ መጣ። መነጽራቸውን አደረጉና፣ "እግዚአብሔር ያብርድልሽ" ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ "እህታችን የምትለው አለ" ብለው ቦታ ሰጡኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ።

"ይቅርታ ለመጠየቅ አልተነሣሁም" አልኩ።

ጉርምርምታ ሆነ። ቀጠልኩ። ሕፃን ኮከብና የሕፃን ኮከብ አንድ እንዳልሆኑ፣ በመሐላቸው አንዲት "የ" እንዳለች፣ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ያችን "የ" በፈለጉበት እንደሚያስገቧት ተናገርኩ። ልጅቱን በስም አልጠራሁም፤ እናቷንም አላየሁም። ረቡዕ ቀን የተጀመረው ሥራ ዛሬም በጥቁር ደመና ውስጥ እንደሚታይ፣ ሕፃኑ ኮከብ ጋዝ እየዋጠ ከፊሉን እንደሚያቀረሽ ነገርኳቸው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "ኮከብ ያቀረሻል?"

"ያቀረሻል።"

"ማን ያስገሳዋል ታዲያ?"

ሳቁ። አንዲት ትልቅ እናት ምርኩዛቸውን መሬት መቱና፣ "ምን ያስቃችኋል? እግዚአብሔር ዛሬም ይፈጥራል ነው ያለችው። ይሄ ምን ክፋት አለው?" አሉ። ሌላው ከጎናቸው፣ "ክፋትስ የለውም፤ ግን ነገር አለ ተብሏል እኮ" አለ። እንደገና ያ ቃል! ጆሮዬ ጋለ።

ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ። "ነገሩን ያመጡት ምን ይላሉ?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ማየት ብቻ ነው ያየኋት፤ ቅንድቤን እንኳ አላነሣሁም። እሷ ግን ፋርስታን ፊቴ ላይ ሳታነብ አልቀረችም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ተነሣች።

"እኔም... ምናልባት አጥርቼ አልሰማሁ ይሆናል። ልጅ ናት፤ 'የ' መቼ ታውቃለች። እህታችን ትቀጥል። አስቀይሜያት ከሆነ ይቅር ትበለኝ።"

እልልታ ቀለጠ። ሰው ለእርቅ እንዴት እንደሚቸኩል! ከወንበሩ መሐል እየተጋፋች መጥታ አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። ፈርታኝ ነው፣ እሺ ፍራቻም ይሁን፣ ልጆቼን መለሰልኝ ብዬ ላቅፋት እጄን አነሣሁ። እሷ ግን አፏን ከጆሮዬ አስጠግታ፣

"ምስጢር ጠባቂ መሆንሽን አየሁ" አለችኝ። "የእውነተኛ አዋቂ ምልክቱ ይሄ ነው። ጾሙ ሲፈታ እናወራለን።"

አዋቂ! ስለ እግዚአብሔር ብዬ የዘጋሁትን አፌን የጠንቋይ ሙያ አደረገችው። እልልታው እየቀለጠ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ እኔ እጄ አየር ላይ እንደቀረ ቆምኩ። ምን ልበል? በሰው ፊት ይቅርታ የጠየቀችኝን ሴት በሰው ፊት ልግፋት?

ቅዳሜዬ ተመልሷል። ሁለተኛውን ጄት አሳይቻቸዋለሁ፤ "በዚያም ያቀረሻል!" ብለው ጮኸዋል። ጥያቄ አላቸው፣ እመልሳለሁ፤ "የ"ን አርማለሁ፣ ሠላሳ ጊዜ አስደግማቸዋለሁ፣ ይሰለቻሉ። በእነሱ ደስ ይለኛል። ከእነሱ ክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ እሷን ሳያት ግን ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት የእጮኛዪቱን ፎቶግራፍ በስልኬ ላከችልኝ፤ ከሥሩ፣ "ፊቷን ብታዪው ይረዳሽ እንደሆነ" ይላል። አጠፋሁት። በማግስቱ ከጎን የተነሣችውን ላከችልኝ።

በልደት ቀን ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰልፈው ሲቆርቡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየኋቸው። አልቆረብኩም። ሰው ሲወጣ የንስሐ አባቴ ካፖርት መስቀያው ጋ ጠሩኝ።

"ለምን ቀረሽ? ታርቃችኋል አይደል?"

"እሷ ታርቃለች።"

"በሕዝብ ፊት ነው እኮ ይቅርታ የጠየቀችሽ።"

"ኮከብ ቆጣሪዋን ነው የጠየቀችው አባቴ። እኔን ገና አልጠየቀችኝም።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ አሁንም የእሷን ምስጢር ይዣለሁ። እሳቸውም አልመረመሩኝም። "እስከ መቼ?" አሉኝ ብቻ።

"እስኪበርድልኝ። በአፌ ይቅር ብያለሁ ብዬ፣ ልቤ እየነደደ፣ ሥጋውን ደሙን መቀበል አልችልም። ያልሠራሁትን አልናዘዝም ብዬ የለ? ያላደረግሁትንም አደረግሁ አልልም።"

"ቁጣሽንስ?" አሉ። "እሱን ትናዘዣለሽ?"

"እሱን አዎ። እሱ የእኔ ነው።"

ሰው እንዳለፈ አይተው የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። እርጥብ ካፖርቶቹ መሐል ጎንበስ አልኩና ጀመርኩ። ረጅም ነበር፤ ከታች ልጆቹ ሲሯሯጡ ይሰማኛል፤ አንዷ ፍሮከን እያለች ስትጠራኝ እስክጨርስ አልመለስኩላትም።